ማሽን ወይስ ሲሊንደር? ጎጃም ውስጥ ለቤት ኦክስጅን ስንመርጥ

ነሐሴ ነው፤ ደብረ ማርቆስ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። የእናቴ የኦክስጅን ማሽን ረዘም ያለ ጩኸት አሰማና ጸጥ አለ። ጥግ ላይ ሙሉ ሲሊንደር ቆሟል። መክፈቻ ቁልፉ ግን የለም። በስልክ መብራት አልጋ ሥር ፈለግን፤ መሳቢያ በረበርን፤ የወንድሜን ጃኬት ኪስ ገለበጥን። በመጨረሻ የተገኘው ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ መሀል ነው። 20 ደቂቃ ሄዷል። እማዬ ያን ሁሉ ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን እንደሚያፏጭ ሰው አሹላ ትተነፍስ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም። መናገሪያ ትንፋሽ አልነበራትም።

ማሽኑን ስንገዛ ሳምንት ሙሉ የተከራከርነው ስለ ዋጋው ነበር። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምንሆን ማንም አላነሳም። ይህን የምጽፈው እናታቸው፣ አባታቸው ወይም አያታቸው ቤት ኦክስጅን ታዞላቸው «የቱን እንግዛ?» ለሚሉ ነው። የሐኪምን ቦታ አልወስድም። ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን ያዛል። ቤቱን፣ መንገዱን፣ ቆጣሪውንና ማድ ቤቱን የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ምርጫው ደግሞ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከመግዛት በፊት መለካት

እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። 40 ዓመት እንጀራ የጋገረችው፣ ጠላ የጠመቀችው ግን ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት ነው። እንጨቱ፣ ኩበቱ፣ ቅጠሉ ሁሉ በሳንባዋ አልፏል። የብዙ ጎጃሜ እናቶች ታሪክ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ በልጅነቱ የታከመው ቲቢ ሳንባውን ጎድቶት የቀረ ሰው አለ።

ትንፋሽ ማጠርና የደም ኦክስጅን ማነስ አንድ አይደሉም። ይህን ለመቀበል ቤተሰብ ይቸገራል፤ እኛም ተቸግረን ነበር። በጣም የሚያለከልክ ሰው ሲለካ ኦክስጅኑ ደህና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ኦክስጅን ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው የሚሳበው የሳንባ መድኃኒትና ከጭስ መራቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የቤት ኦክስጅን የሚታዘዘው በአጠቃላይ ታማሚው ተረጋግቶ፣ አርፎ ተቀምጦ ሲለካ የደም ኦክስጅኑ 88 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ከደም ቅዳ ሥር (አርተሪ) በሚወሰደው የደም ምርመራ ደግሞ የኦክስጅኑ ግፊት 55 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በታች። እግር ያበጠ፣ ልብ የተጫነው ሰው ከሆነ ሐኪሙ ከዚህ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥርም ሊያዝ ይችላል።

ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የወጡ ሁለት ጥናቶች ናቸው መሠረቱ። የእንግሊዙ፣ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን የወሰዱ ታማሚዎች ካልወሰዱት የበለጠ ዕድሜ እንዳገኙ አሳየ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሲያርፉ ከ89 እስከ 93 በመቶ ለነበሩ ሰዎች ኦክስጅኑ ዕድሜም አልጨመረም፣ ሆስፒታል መመላለስም አልቀነሰም። ስለዚህ ቁጥሩ 91 ለሆነ ሰው የቤት ንብረት ሸጦ ማሽን መግዛት ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የኛ አገር ከፍታ ይገባል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800። ጮቄ ተራራ ሥር ያሉት መንደሮች ከ3,000 በላይ ይወጣሉ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ጤነኛው ሰው ራሱ ባሕር ጠረፍ ካለው ሰው ጥቂት ነጥብ ዝቅ ብሎ ይለካል። ስለዚህ የበሽተኛውን ቁጥር ስታዩ አጠገቡ የተቀመጠ ጤነኛ ሰውም ለኩ። ለሐኪሙም «የምንኖረው እዚህ ቦታ ነው» በሉት።

ጣት ላይ የምትደረገው መለኪያ ጠቃሚ ናት፤ ግን ትታለላለች። ቀዝቃዛ እጅ ያሳስታታል፤ በእጅ አሻሽታችሁ አሙቁት። እንሶስላ የሞቀ ወይም ጥፍር ቀለም የተቀባ ጣት ተዉ፤ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሩ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ ልታነብ እንደምትችልም ታውቋል። ትልቁ ግን ከሰል ነው። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ደም ላይ ሲጣበቅ መለኪያዋ እንደ ኦክስጅን ትቆጥረዋለች። ቡና እየተፈላ፣ ቤቱ ተዘግቶ የተለካ «95» እምነት አይጣልበትም። አንድ ደቂቃ ጠብቁና ቁጥሩ ሲረጋ መዝግቡ።

ሌላ ነገር፦ ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ኦክስጅን ታዞለት ከሆነ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለካ። ብዙ ሰው ያገግምና አያስፈልገውም።

ማሽኑ፦ ኮንሰንትሬተር

ይህ ማሽን ኦክስጅን አይሠራም፤ ያጣራል። የቤቱን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን የሚይዝ ጠጠር መሰል ነገር ባለበት ገንዳ ውስጥ ያሳልፈዋል። የሚወጣው 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። የሚሞላ ነገር የለውም፤ የሚያልቅ ነገር የለውም። መብራት ካለ ሌት ተቀን ይሠራል። በቀን 15 ሰዓት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ አምናለሁ።

መብራት ካለ። ነገሩ ሁሉ እዚህች ቃል ላይ ያርፋል።

ባለ 5 ሊትሩ ማሽን 350 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 15 ሰዓት ሲሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በወር 160 ገደማ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ካርዱ እኩለ ሌሊት ላይ እንዳያልቅ አስቀድማችሁ ሙሉ። ከአከራይ ጋር አንድ ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ማሽኑ ቤት ከመግባቱ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ ጠብ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ምጣድን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የኛ ጎረቤት እንጀራ በምትጋግርበት ቀን አምፖላችን ይደበዝዝና ማሽኑ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ስታቢላይዘር፣ ማለትም ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት የሚያስተካክለው ዕቃ፣ ከገባ በኋላ ነው የተረጋጋው። ስታቢላይዘር ቅንጦት አይደለም፤ የማሽኑ ግማሽ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። አቅሙ ማሽኑ ከሚወስደው ዋት ሰፋ ያለ ግዙ፤ ሲነሳ ከተለመደው በላይ ይስባልና።

ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም ማሽን ሊልክ ሲል ደስታው ብዙ ነው። አሜሪካ ያለ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክ። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ይቀይረዋል፤ ኸርዙን ግን አይቀይረውም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። በ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚሠራውን ይግዛ፤ ወይም ገንዘቡን ይላክና እዚህ ይገዛ።

ከፍታውም ማሽኑን ይነካዋል። በሳሳ አየር ውስጥ የሚያጣራው ነገር ያንሰዋል። መመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ተጽፏል፤ አንዳንዱ 2,000 ላይ ያቆማል። ባሕር ዳር ላለ ሰው ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላለ ሰው አይበቃም። 3,000 የሚል ፈልጉ። የኦክስጅኑ መጠን ሲወርድ የሚያስጠነቅቅ መብራት እንዳለውም እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለማሽኖች ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለል 82 በመቶ ነው፤ ከዚያ ከወረደ የሚተነፈሰው ተራ አየር እየሆነ መጣ ማለት ነው።

ያገለገለ ማሽን ርካሽ ነው፤ አትከልክሉት፣ ግን መርምሩት። አብዛኛው ላይ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚቆጥር ቁጥር አለ። ውስጡ ያለው ማጣሪያ እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ሁለት ክረምት መጋዘን የቆየ ማሽን እየሠራ መስሎ ኦክስጅን ላይሰጥ ይችላል። አየሩ ሲነፋ ማየት ማስረጃ አይሆንም። የኦክስጅን መለኪያ ያለው ባለሙያ ቱቦው ጫፍ ላይ ለክቶ ቁጥሩን ይንገራችሁ። ማሽኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይለካ።

ሲሊንደሩ

የሲሊንደር ኦክስጅን ከፍታ አያውቅም፤ መብራትም አይጠይቅም። አይጮኽም። ትልቅ ጸጋው ይኸው ነው። ችግሩ ማለቁ ነው።

ስሌቱን ሁልጊዜ ራሳችሁ ሥሩት። የሲሊንደሩ ሊትር በግፊቱ ሲባዛ ውስጡ ያለውን ጋዝ ይሰጣችኋል። 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ፣ በ150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 2 ሊትር ለታዘዘለት ሰው 50 ሰዓት ነው። በቀን 15 ሰዓት ከሆነ ከሦስት ቀን ትንሽ ይበልጣል። በወር ዘጠኝ ወይም አሥር ሲሊንደር ማለት ነው። ባለ 10 ሊትሩ ትንሹ ደግሞ 1,500 ሊትር ይዞ 12 ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ አንድ ሌሊት።

አሁን መንገዱን አስቡት። ትልቁ ሲሊንደር ከ50 ኪሎ አያንስም። ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል። ባጃጅ ላይ አጋድሞ መውሰድ አደገኛ ነው፤ አንገቱ ከተመታ ግፊቱ እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። ከሚሞላበት ከተማ ሁለት ሰዓት የሚርቅ ሰው በወር አሥር ጊዜ ይህን ማድረግ አለበት። በክረምት ጭቃ ደግሞ መኪናው የማይገባበት መንደር ብዙ ነው። ለዚህ ነው ሲሊንደርን ብቻውን የዘወትር ምንጭ ማድረግ ቤተሰብ ያደክማል የምለው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ከባድ ነው። ሲሊንደሩ በየሦስት ቀኑ ከባድ ነው።

በሙያ ቤት ስሙ «ኦክስጅን» ተብሎ የሚሸጠውን የብየዳ ጋዝ አትግዙ። ሲሊንደሩ ውስጥ ምን ገብቶ እንደወጣ ማንም አያውቅም። ሲሊንደር ስትረከቡ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አስገጥማችሁ ግፊቱን እዚያው አንብቡ። ሙሉ ተብሎ የመጣ ግማሽ ሲሊንደር ደርሶናል፤ ያወቅነው ሌሊት ላይ ነው። ቤት ውስጥ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ቁልፉም አንገቱ ላይ ይታሰር። የኛው አሁን ቀይ ክር አለው።

ታዲያ የቱን?

ከተማ ውስጥ ካላችሁና መብራቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ማሽን ለዘወትር፣ አንድ ሲሊንደር ለክፉ ቀን። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ያገለገለ ማሽን ግዙና ሲሊንደሩን አትተዉ።

በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ዕቃ) ይታሰባል። ግን ተስፋውን በልኩ። አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ተራ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዳ የምትጠቀሙበት። 350 ዋት ለሚበላ ማሽን ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሲሊንደሩን እስክታገጣጥሙ፣ ወይም መብራቱ እስኪመለስ ያሻግራል። ሌሊቱን ሙሉ አያነጋም። ጀነሬተር ያላችሁ ከቤት አርቃችሁ፣ ጭሱ ወደ ማሽኑ መሳቢያ በማይመጣበት በኩል አስቀምጡት። ማሽኑ የሚያጣራው ያገኘውን አየር ነው።

መብራት በሌለበት ገጠርስ? በፀሐይ ኃይል 15 ሰዓት ማሽን ማሠራት ብዙ ፓኔልና ብዙ ባትሪ ይጠይቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ተዘግቶ ይከርማል። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም የሚሻለው ታማሚውን መብራት ወዳለበት ዘመድ ቤት ማምጣት ነው። ከጮቄ ሥር ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር የወረደ ሰው ደግሞ አየሩ ራሱ ይረዳዋል። ቁጥሩ ጥቂት ነጥብ ከፍ ሲል አይተን እናውቃለን። «አገሬን ለቅቄ?» ይላሉ ትልልቆቹ። ይህን ውይይት አታጣድፉት። ለክረምቱ ብቻ ብላችሁ ጀምሩ።

ትንሿ ተንቀሳቃሽ ማሽን፣ በትከሻ የምትንጠለጠለው፣ ውድ ናት። አብዛኞቹ ኦክስጅኑን የሚለቁት ሰውየው ወደ ውስጥ ሲስብ ብቻ ነው። እዚያ ላይ «2» ማለት በደቂቃ 2 ሊትር ማለት አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቱ። ለሌሊት እንቅልፍም ለሁሉም ሰው አትሆንም። ለሕክምና ቀጠሮ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለጉዞ ግን ነጻነት ናት። በእሷ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ከውጭ ብትላክም ችግር የለም።

ጉዞ ካነሳን፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄድ ታማሚ የሚፈራው የዓባይ በረሃን ነው። ሙቀቱ ያስቸግራል እንጂ አየሩ እዚያ ወፍራም ነው። የሚከብደው ከጎሃ ጽዮን በኋላ ነው። ፍቼ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከተነሳበትም ከሚደርስበትም ትበልጣለች። ኦክስጅኑን ለዚያ አቆዩት። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚሄድ ደግሞ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ሊሳሳ እንደሚችል ይወቅ፤ ልክ ደብረ ማርቆስ እንደመቀመጥ ነው። የራስን ሲሊንደር ይዞ መግባት አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ለተንቀሳቃሿ ማሽን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል።

ፈሳሽ ኦክስጅን የሚባል አለ። ለኛ ቤት አይታሰብም፤ እለፉት።

መጠኑን አትንኩ

ጠያቂ ሲመጣ አንዱ ተነስቶ «ጨምሩላት እንጂ፣ እያያችሁ?» ይላል። በፍቅር ነው። ግን እንደ እናቴ ባለ የቆየ የሳንባ ሕመም፣ ብዙ ኦክስጅን አንዳንዱን ሰው የተቃጠለ አየሩን እንዳያስወጣ ያደርገዋል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ የተምታታ ንግግር ካያችሁ ወዲያው ሐኪም ጋ። ለእንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው፤ 98 ማየት የምስራች አይደለም። የታዘዘውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈን ማሽኑ ላይ ለጥፈነዋል። የማሽኑ ወይም የሲሊንደሩ የፍሰት መለኪያ ውስጥ ትንሽ ኳስ ያለች ከሆነ፣ መስመሩ የኳሷን ወገብ ነው መቁረጥ ያለበት።

እሳትና ቅቤ

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያጋልበዋል። ከምድጃ፣ ከከሰል፣ ከጧፍ፣ ከኩራዝ፣ ከዕጣን ማጨሻ ቢያንስ 3 ሜትር። ቅባት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ለፋሲካ ዋዜማ አክስቴ የእናቴን ፀጉር ለጋ ቅቤ ቀብታት፣ ቅቤው በጆሮዋ በኩል ወርዶ ቱቦውን አረጠበው። በዚያው እጇ የሲሊንደሩን ቁልፍ ልትይዝ ስትል ነው የደረስኩት። በግፊት የሚወጣ ኦክስጅንና ቅባት ሲገናኙ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። አሁን ቅቤ የሚቀባው ማሽኑ በሚጠፋበት ሰዓት ነው፤ ሻሽ ይታሰራል፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል። አፍንጫዋ ሲደርቅም ቫዝሊን አንቀባም፤ በውኃ የተሠራ ቅባት ሐኪሟ አዞላታል።

15ቱን ሰዓት እንዲህ ሸንሽነነዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ አሥራ ሁለቱ በእንቅልፍና በጸሎት ያልፋል። ሦስቱ ከምሳ በኋላ ነው። የቀረው ዘጠኝ ሰዓት የእሷ ነው። ከሰሉ ግቢ ውስጥ፣ ከዳሱ ሥር ይያያዛል። ቱቦውን ካወለቀች በኋላ ኦክስጅኑ ነጠላዋ ላይ ይቆያልና 20 ደቂቃ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትናፈሳለች። ከዚያ ተነስታ ወደ ቡናው ትሄዳለች።